ከሩጫዬ በኋላ፣ እማዬ

ይቀመጡ ቡዴ ሳሪንተን፣ እዚህ ወጥ ቤቱ ጥግ ጥላው ይሻላል። ሰሌኑን ሳብ ያድርጉትና ግድግዳውን ይደገፉ... እንደሱ። አላህ ይስጥልኝ፣ ባይመጡልኝ ብቻዬን ምን ይውጠኝ ነበር። ቡዴ ብዬ የምጠራዎት በአፌ ብቻ አይደለም፤ እንደ እናቴ ታላቅ እህት ነው የማይዎት። ዘንድሮ የኮኮናቱ ቅጠል እንዴት እንዳስቸገረኝ ልነግርዎት አልችልም። ጊማንን ለጋ ለጋውን ቁረጥልኝ ብዬው ዛፉ ላይ ወጥቶ እጁ የደረሰበትን ቆርጦ ወረደ። ባል መቼም ለጋና ያረጀ አይለይም። ይህን ይዩት፣ ገና አጠፍ ሳደርገው ይሰነጠቃል። የርስዎ እጅ ግን ምን ዓይነት እጅ ነው? እኔ አንዷን የሩዝ ከረጢት ሸምኜ ሳልጨርስ እርስዎ ስንቱን ጣል ጣል አደረጉት። ሩዙ ታጥቧል፣ ትልቁ ድስት ተጥዷል፤ ከረጢቶቹ ከደረሱ ሞልተን እንቀቅላለን። ጨረቃዋ ዛሬ ከታየች ነገ ኢድ ነው።

ማን? እሷ? አይደንግጡ ቡዴ፣ ወድቃ አይደለም። ደህና ናት። ማንጎው ሥር ምንጣፏን ዘርግታ፣ ራሷን ወደ መሬት፣ የተረፈውን ወደ ሰማይ አድርጋ... እንደዚያ ነው የምትተነፍሰው። እኛ በአፍንጫችን ብቻ የምንተነፍስ ሰዎች ምን እናውቃለን። የጊማን እህት ናት እኮ፣ ከጃካርታ፤ ለኢድ ለእረፍት መጥታ ነው። ስንት ኢድ ቀርታ ስለመጣች ባያውቋት አይፈረድብዎትም። ትሰማናለች ነው የሚሉት? ብትሰማስ ምን አለበት። ሰው ሲመሰገን መስማት ለጤና ጥሩ ነው።

እኔ መቼም በጾም መጨረሻ ቀን ሐሜት አላወራም። ወር ሙሉ የጾምኩትን በአንድ ከሰዓት ምላስ ላፍስሰው? የሰው ስም ካልተጠራ ግን ሐሜት አይደለም፣ አይደለም ቡዴ? የመስጊዱ ሼኽ ሲያስተምሩ እርስዎ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት፣ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ እኔ እንግዳችንን አመሰግናለሁ። ሌላ ነገር ምላሴ ላይ ከመጣብኝ ደግሞ ስለ አንዲት የሌላ መንደር ሴት ነው የማወራው። የት መንደር ናት ብለው አይጠይቁኝ። ሩቅ ናት... እናቷ ጎን ብትቀመጥም ሩቅ ናት እሷ።

ይኸውልዎት፣ እንግዳችን አትጾምም ብለው የሚያወሩ አሉ። ምቀኝነት ነው። መንገደኛ እኮ አለመጾም ይፈቀድለታል። ከመጣች ሳምንት ሊሞላት ነው ይሉኛል። ታዲያ መንገድ ላይ አይደለችም እንዴ? ጠዋት ስትሮጥ፣ ማታ ስትሮጥ፣ መቼ ደርሳ ታውቃለች? ያንን አረንጓዴ ውሃዋን እየጠጣች በመስጊዱ በር ስታልፍ ሽማግሎቹ ፊታቸውን ያዞሩላታል፤ አክብረዋት ነው። ለሰሁር የሚቀሰቅሱንን ከበሮ መቺዎችም በጓሮ በኩል ዙሩ ብላ ላከችባቸው። እንቅልፍ የጤና ግማሽ ነው አለች። ልክ ናት። ሰው ሁሉ ሰሁር ሳይበላ አረፈደና ጦሙን ዋለ እንጂ እሷስ ደህና አደረች።

አመጋገቧን ቢያዩ ይቀኑባታል። በቆርቆሮ የመጣ ዱቄት አላት፣ በውሃ በጥብጣ ትጠጣዋለች። የወፍ ጥሬ የመሰለ ፍሬ አላት፣ ውሃ ውስጥ አድሮ ዝልግልግ ሲል በማንኪያ ትበላዋለች። እኔን ምን አስቸገረችኝ? ያቺን ነጭ ዶሮ ያስታውሷታል፣ ግቢዎ እየገባች ቃሪያዎን ስትጭርብዎት የነበረችውን። አማቴ ልጄ ስትመጣ ብለው ከጫጩትነቷ ጀምረው ከእጃቸው ሩዝ እያጎረሱ ያሳደጓት ናት። ትላንት ታረደች። ኮኮናቱን አማቴ ራሳቸው ፈቀፈቁት፣ ወተቱንም ራሳቸው ጨመቁት፤ ይስጡኝ ልርዳዎት ብላቸው እምቢ አሉ። እንግዳችን ድስቱን ከፈት አድርጋ አየችና «እማዬ፣ የኮኮናት ወተት እኮ ደም ሥር ይዘጋል» አለቻቸው። እውነቷን ነው፣ ዘጋ... የአማቴን ጉሮሮ ነው የዘጋው እንጂ። ከዚያ ቆዳው ተገፎ፣ ጨው ሳይነካው አንድ ብልት ለብቻው ተቀቀለላት። እኔው ቀቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ብር ይሆናል ይላሉ። የኛ እንግዳ ወርቅ እንደሆነች ቀርታለች፤ በእጅ አትነካም።

የመጣች ዕለት ምን እንዳለችኝ ነግሬዎታለሁ? ይህ እንኳ ምክር ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ዋጊኒ፣ ምነው ራስሽን እንዲህ ጣልሽው?» አለችኝ። አዝናልኝ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን የት እንደጣልኩት እየፈለግሁ ነው። ወገቤን ሩዝ ማሳው ውስጥ ሳልጥለው አልቀርም። ትከሻዬን አማቴን ሳነሳና ሳስተኛ አልጋው ሥር፣ መዳፌን ጉድጓዱ አፍ ላይ... እርስዎ ሲያልፉ ሲያገድሙ የወደቀ ነገር ካገኙ ያምጡልኝ፣ ምልክቱ ውፍረት ነው።

«ሰውነት ካልተንቀሳቀሰ ይዝጋል» ብላም መከረችኝ። ቀይ የላስቲክ ገመድ አላት። የጉድጓዱ ምሰሶ ላይ ታስረውና ትጎትታለች፤ ይሳባል፣ ይለቀቃል፣ ይሳባል፣ ይለቀቃል። እኔም በዚያው ጉድጓድ ባልዲዬን እጎትታለሁ። ጎን ለጎን ቆመን ስንጎትት ላየን እህትማማች ነው የምንመስለው። የኔው ገመድ ጫፍ ላይ ውሃ ይወጣል፣ የሷ ገመድ ጫፍ ላይ ላብ ይወጣል። ከዚያ ላቡን በኔ ውሃ ትታጠበዋለች። ማን ደከመ ቢሉኝ እሷ ናት የደከመችው። እኔ ሥራ ነው የምሠራው፣ ሥራ ደግሞ እንቅስቃሴ አይባልም አሉ።

አማቴ? ፊት ለፊት በር ላይ ተቀምጠዋል፣ አላዩዋቸውም ሲገቡ? ጆሯቸው ከበድ ስላለ ድምፅዎን ሳይሰሙ ቀርተው ነው። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ሻርፓቸውን ተከናንበዋል፣ የአበባው ዘንቢል ጭናቸው ላይ ነው። የት ሊሄዱ ነው? የትም። አልሄድም ብለዋል። ታዲያ ለምን ለበሱ ይሉኛል... ሰው ዝም ብሎ አይለብስም?

እርስዎ ሁሉንም ያውቁታል እንጂ ለማን እነግረዋለሁ። ከካቻምናው ዝናብ ወዲህ ግራ እግራቸው እምቢ ብሏል። ከጤና ጣቢያው የመጣችው ነርስ «ጠዋትና ማታ ሰው ክንዳቸውን ይዞ ያራምዳቸው፣ ካልተራመዱ እግሩ እንዲሁ ይቀራል» አለች። በዚህ ቤት ሰው ሲባል እኔ ነኝ። መጀመሪያ እስከ በሩ ሄድን። ቀጥሎ እስከ ጉድጓዱ። ቀጥሎ እስከ ማንጎው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉ ሲሄድ ክንዱን የሚይዘው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ ዝም ነው ያለው።

በዚህ የጾም ወር ደግሞ ባሰባቸው። «ዋጊኒ፣ ዛሬ እስከ አጥሩ እንሂድ። ዋጊኒ፣ ዛሬ እስከ ሳሪንተን ቤት እንሂድ።» ሆዳቸው ባዶ፣ ላባቸው በጀርባቸው ይወርዳል፣ ቁጭ ይበሉ ብላቸው ይቆጡኛል። ለምን እንደሆነ ለርስዎም ነግረውዎታል። ለኢድ ዋዜማ እንደ ሰው ሁሉ ባላቸው መቃብር ሄደው ሣሩን ሊነቅሉ፣ አበባ ሊበትኑ፣ አፉ በለኝ ሊሉት ነው። አምና ጊማን በሞተር ብስክሌት ጭኖ ወሰዳቸውና «እንደ ጆንያ ተጭኜ ባሌ ፊት ቀረብኩ» ብለው ኢዱን ሙሉ አለቀሱ። ዘንድሮ በእግሬ፣ በልጄ ክንድ አሉ። በኔ ክንድ አላሉም። አልከፋኝም... የኔ ክንድ መለማመጃ ነው።

ልጅ መጣች። አማቴ አጥሩ በር ላይ ብቻቸውን ቆመው ጠበቋት፣ ምርኩዝም አልያዙ። እኔ ከኋላቸው እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፣ ቢወድቁ ብዬ። ከመኪናው ወረደች፣ አቀፈቻቸው፣ አልዋሽም፣ ጥብቅ አድርጋ ነው ያቀፈቻቸው። ከዚያ ትከሻቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸውና «እማዬ፣ አቋቋምሽ ልክ አይደለም። ከሆድሽ ተንፍሺ» አለቻቸው። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ከምጡ አልፈን ትንፋሽ ላይ ደረስን። አማቴም ተነፈሱ። ምን ያድርጉ፣ ልጃቸው ደስ ይበላት ብለው ከሆዳቸውም ከጉልበታቸውም ይተነፍሳሉ።

«መቃብር በእግሬ ልሄድ ነው፣ ካንቺ ጋር» አሏት። «እሺ፣ ነገ ከሩጫዬ በኋላ፣ እማዬ» አለቻቸው። በነጋታው ከሩጫዋ በኋላ እግሯን በረዶ ውስጥ መንከር ነበረባት። ደግሞ በሌላው ቀን ፀሐዩ ከርሮ ለቆዳ የማይሆን ሆነ። ሌላ ቀን ልቧ ማረፍ ነበረበት። የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት እጇ ላይ አለ፣ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ ነው። ጉድ የሆነ ሰዓት ነው ቡዴ። የራሷን ልብ ከነምቱ ያሳያታል። አጠገቧ የተቀመጠ ሌላ ልብ ካለ ግን... ሰዓት ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል።

አሁን ስለዚያች ሌላ መንደር ሴት ላጫውትዎት። እጅዎ ሥራውን አያቁም። ያቺ ሴት ለእረፍት እናቷ ዘንድ መጥታ ስትሮጥ የመንደሩ መንገድ አልተመቻትም። ወይ ውሻ ይጮህባታል፣ ወይ ሞተር ይመጣባታል፣ ወይ አስፋልቱ ላይ ሩዝ ለፀሐይ ተሰጥቶ ይጠብቃታል። ፈልጋ ፈልጋ ጥላ ያለው፣ ደልዳላ፣ ጸጥ ያለ፣ ማንም መንገድ የማይዘጋባት ቦታ አገኘች። መቃብሩን። ሙት አይገላምጥ፣ ሙት ወሬ አያወራ። እኛ ጫማችንን አውልቀን፣ ሰላም ብለን፣ አቀርቅረን በምንገባበት እሷ ከነጫማዋ ዙሪያውን... ዙሪያውን... ሰላምታ አልሰጠችም እንዳይሉኝ። እየሮጡ ሰላምታ ትንፋሽ ያበላሻል።

ሩጫው ሲያልቅ ደግሞ ጅማት መሳብ አለበት፣ ካልተሳበ ይኮማተራል። ቁመቱ ልክ የሆነላት አንድ ድንጋይ አገኘች። ተረከዟን ድንጋዩ ላይ ሰቀለች፣ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች፣ ቆየች። ሌላውን እግር ሰቀለች፣ ደፋች፣ ቆየች። የማን ድንጋይ ነው? ድሮ እዚያ ቦታ ላይ የእንጨት ምልክት ነበር፣ ጎኑም ነጭ አበባ የሚጥል ዛፍ ነበር። ዛፉን ነፋስ ጣለው፣ እንጨቱን ምስጥ በላው፣ ወንድሟና ሚስቱ ድንጋይ አስተከሉ። ስንት ኢድ ያልመጣ ሰው በምን ይወቀው? አዎ፣ ስሙ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ተረከዝ ግን ማንበብ አይችልም።

የመቃብሩ ጠባቂ ከሩቅ አዩዋት። የዚያ መንደር ጠባቂም እንደኛ እንደ ሽማግሌው ካርሶ ዓይናቸው ደክሟል፣ ይገርምዎታል። ያዩት ምንድን ነው? አንዲት ልጅ በማለዳ፣ ብቻዋን፣ አባቷ ድንጋይ ላይ ግንባሯን ደፍታ፣ ቀና ብላ፣ ተመልሳ ተደፍታ፣ ትንፋሽ አጥሯት። ሽማግሌው እንባቸው መጣ። ቀጥ ብለው እናትየዋ ዘንድ ሄዱና «ልጅሽ አንቺን እንኳ አልጠበቀችም፤ ጎህ ሲቀድ አባቷ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አየኋት። የታደልሽ ነሽ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስንቱ ይወልዳል» አሏቸው።

እናትየዋማ ምን ያድርጉ ቡዴ። ያለፈ ያገደመውን ጠርተው ነገሩ፣ ሙዝ ሻጯ ሳትቀር። እርስዎም እንዲህ ያለ ወሬ የሰሙ ይመስለኛል፣ ከዚያ መንደር መጥቶ ይሆናል። ልጅቷ ላቧን እየጠረገች ስትገባ ሁለት ጉንጯን ይዘው ሳሟት። «እኔን ሳትጠብቂ ሄድሽለት» አሏት። እሷስ ምን አለች? ዝም። ፊቷ ትንሽ ቀላ፣ ከሩጫው ይሆናል። ትሑት ሰው መልካም ሥራውን በአፉ አይናገርም... የቱ ድንጋይ ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

ምራቲቱ ከሰዓት ድንጋዩን ልትጠርግ ሄዳ የጫማ ጭቃ አገኘች። ልክ ስሙ ላይ። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ተመለሰች።

እሱስ ይሁን፣ ጭቃ ይጠረጋል። ክፋቱ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየዋ «እንግዲህ ልጄ ሄዳለታለች፣ እሱም ደስ ብሎታል። ለእረፍት የመጣችን ልጅ አላስቸግራትም፣ እኔ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ» አሉ። ወር ሙሉ እግራቸውን እየጎተቱ የተለማመዱትን መንገድ ተዉት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሌላ ጊዜ ማለት መቼ ነው? ያ እግር ለከርሞ ኢድ ይቆማል ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? ነርሷ በሩ ላይ ለብቻዬ ጠርታ የነገረችኝን እኔ ነኝ የማውቀው። እ? አዎ... ያ መንደርም ነርስ አለው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው። «እማዬ፣ ነይ እንሂድ።» ይሄ ቃል ስንት ኪሎ ይመዝናል ቡዴ? ያቺ ሴት እኮ ብረት ታነሳለች።

ይህን ለአማቴ እንዳይነግሩብኝ፣ አደራ። ስለሌላ መንደር ነው፣ ግን አይንገሩ። ደስታቸውን አይንኩባቸው።

አዩ፣ ቀና አለች። ወደዚህ እያየች ነው። ምን አወራን እኛ፣ ጤና ነው ያወራነው... አይ፣ እግር ልትቀይር ኖሯል። ለጋውን ቅጠል ያቀብሉኝማ።

ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ከዚህ እስከ መቃብሩ ለደህና ሰው ምን አላት? ለአማቴም ቢሆን እየተራመዱ እያረፉ ከማፍጠሪያ በፊት ይደረሳል። ነገ ግን አይሆንም። ነገ ከሶላቱ በኋላ መኪናዋ ይመጣና ወደ ባሊ ትሄዳለች፣ ለማረፍ። እዚህ ደክሟታላ። እዚያ ባሕሩ ዳር ሰውን ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያስተምሩ አሉ አለችኝ። እኔ መቀመጥ ትምህርት መሆኑን ባውቅ ኖሮ አማቴን አስተማሪ አድርጌ እቀጥር ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ እንደሳቸው የተካነበት የለም።

ነገ ጠዋትማ እንደ ደንባችን በየተራ እግራቸው ሥር ተንበርክከን «አፉ በሉኝ» እንላቸዋለን። እኔ ነኝ በዚህ ጉልበቴ ለመነሳት ግድግዳ የምይዘው እንጂ እሷ ምን ይከብዳታል። ጉልበቷ ዘይት እንደጠጣ ማጠፊያ ነው፣ ታጥፎ ይዘረጋል፣ ለዚህ ስትለማመድ አይደል የሰነበተችው። አማቴም አፉ ይሏታል። ምን እንደበደለቻቸው ሳያውቁ፣ ምንም አልበደልሽኝም ብለው፣ ግንባሯን ስመው አፉ ይሏታል። ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው ቡዴ፤ ሌላውን ሁሉ ስቄ አልፈዋለሁ።

ቆይ... ምንጣፏን ጠቀለለች። አዩ? ወደ ቤቱ ዞረች። ወደ አማቴ ነው የምትሄደው። ዝም እንበል ቡዴ፣ ዝም እንበል... ምናልባት። በሩ ላይ ደረሰች። አማቴ ቀና ብለው አዩዋት። ዘንቢሉን ጨበጡት፣ አዩ እጃቸውን? ጎንበስ አለች... ወደ እግራቸው ጎንበስ አለች...

አይ። ጫማዋን ነው። የጫማዋን ማሰሪያ ነው የምታስረው።

አጥሩ በር ላይ ቆማ ደግሞ ሰዓቷን ትነካካለች። ሰዓቱ ካልጀመረላት አትነቃነቅም፣ የተሮጠው አይቆጠርላትማ። ፊቷን ወደ መቃብሩ መንገድ ነው ያዞረችው። ደልዳላ ነው አላልኩዎትም?

ሰሙ? አማቴ ምን እንዳሉ ሰሙ? «አየሽ ዋጊኒ፣ ዛሬም ልትጠይቀው ነው» አሉኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ይህን ቅጠል ከጭኔ ላይ ያንሱልኝ። ድስቱን አደራ፣ ውሃው እንዳይጎድልበት። እማማ፣ ይነሱ፣ እኛም እንሂድ። ደህና ለብሰዋል፣ ዘንቢሉን እኔ እይዘዋለሁ፣ ይሄን ክንዴን ይያዙ። አናስቸግራትም እማማ፣ ከኋላ ከኋላዋ ነው የምንሄደው። ደግሞ ቀስ ብለን ነው... በጣም ቀስ ብለን ነው የምንሄደው ቡዴ። የሽማግሌው ካርሶ ዓይን ነው የደከመ፣ የአማቴ ዓይን ደህና ነው። እኛ እስክንደርስ ጅማቷን ስባ ትጨርሳለች።

በጎን ይለፉ እማማ፣ በሩ ላይ ሰው ቆሟል፣ ሰዓቷን እያስተካከለች ነው። ምነው ቡዴ፣ ከድስቱ ጎን ሆነው ይሰሙኛል? ሳንመርቃት ልናልፍ ነው እንዴ? ነገ ሂያጅ ናት። በጾም አፍ፣ በእናት ፊት የተመረቀ አይወድቅም። አላህ ዕድሜዋን ያርዝምላት። ጉልበቷን አይንሳት፣ ልቧ ሳይዛነፍ ይምታላት። እስክትሸብት፣ እስክታረጅ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገድ እስክታይ ድረስ በጤና ያኑራት። ያቺን ዋናተኛ ልጇንም ያሳድግላት፣ ለውድድር ብላ ዘንድሮ አያቷን ሳታይ ጃካርታ የቀረችውን። ጎበዝ ልጅ ናት ይላሉ፣ ጤናዋን ጠባቂ ናት ይላሉ። አላህ ጠባይዋን ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ቁርጥ እናቷን ያድርግላት። አሚን ይበሉ እማማ።

ይኸው፣ እናቷም ከልባቸው አሚን አሉላት።